ገንዘቡ ለገበሬው ተባለ፤ ውሉን የፈረመው ግን ባለመሬቱ ነበር

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡና ካፈላችሁ ከአቦል እስከ በረካ ያደርሳችኋል።

ስለ ራሽን መቀነስ ከጻፍኩ በኋላ አንድ ወንድማችን በውስጥ መስመር ጥያቄ ላከልኝ። «የአሜሪካ መንግሥት ለገበሬዎቹ በየዓመቱ ገንዘብ ይከፍላል ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው? ከሆነስ የእኛም አገር ገበሬ እንዲህ ቢደረግለት ኖሮ ስንቱ ሰው ከቀዬው ባልተነሳ ነበር?» አለኝ። ለእሱ ብቻ ከምመልስ ለሁላችንም ይጠቅማል ብዬ እዚሁ ጻፍኩት።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ አጭር ነው፤ አዎ፣ እውነት ነው። ከ1933 ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት ለገበሬዎቹ በአንድም በሌላም መንገድ ሲከፍል ኖሯል (ስለ አሜሪካ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የዚያ ድጎማ ጫፍ እኛም ዘንድ ደርሷል። መንግሥት ዋጋ እየደገፈ ገበሬው አብዝቶ ሲያመርት፣ ትርፉ እህል በመጋዘን ተከመረ። በ1954 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የፈረሙት ሕግ ያ ትርፍ እህል በእርዳታና በረጅም ጊዜ ብድር ወደ ውጭ አገር እንዲላክ ፈቀደ። በየካምፑ ማከፋፈያ የአሜሪካ ባንዲራ ታትሞበት ስናየው የኖርነው ጆንያና የዘይት ጣሳ የዘር ሐረጉ ከዚያ ይመዘዛል።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን ከባድ ነው። ለገበሬ ገንዘብ ቢከፈል ከቀዬው አይነሳም ነበር ወይ? ታሪክ ለዚህ የሚሰጠው መልስ ያስደነግጣል። በገዛ ድጎማው ምክንያት ከቀያቸው የተነሱ ገበሬዎች ነበሩ። ይህ የሆነው ደግሞ እዚያው አሜሪካ ውስጥ ነው። አንድ ካውንቲ ይዤ ላሳያችሁ። ካውንቲ ማለት በእኛ የድሮ አጠራር አውራጃ እንደማለት ነው።

፩. የእኩል አራሾቹ አገር

ካውንቲው ፖይንሴት ይባላል። በአርካንሶ ግዛት በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ከሚሲሲፒ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ዛሬ በሩዝ ይታወቃል። በ1930ዎቹ ግን ሕይወቱ ጥጥ ነበር።

ጥጡን የሚዘራው፣ የሚኮተኩተውና የሚለቅመው ሰው አብዛኛውን ጊዜ መሬት አልነበረውም። የእኩል አራሽ ነበር። አባቶቻችን እኩል፣ ሲሶ፣ እርቦ የሚሉትን አስቡት። መሬቱ፣ በቅሎው፣ ማረሻውና ዘሩ የባለመሬቱ፣ ጉልበቱ የአራሹና የቤተሰቡ ነው። ምርቱ እኩል ይካፈላል። እስኪካፈል ድረስ ግን ቤተሰቡ መብላት አለበት። ዱቄቱንና ጨዉን ከባለመሬቱ ሱቅ በዱቤ ይወስዳል፤ ሂሳቡን የሚጽፈውም ባለመሬቱ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ጥጡ ተሸጦ ዕዳው ሲቀነስ ለብዙዎቹ የሚተርፍ ነገር አይኖርም። እንዲያውም ለሚቀጥለው ዓመት ዕዳ ይተላለፋል። ከእነዚህ አራሾች ጥቁሮችም ነጮችም ነበሩ። በቀለም ተለያይተው ቢኖሩም በዱቤ መዝገቡ ላይ ጎረቤታሞች ናቸው።

ከዚያ የዓለም ኢኮኖሚ ወደቀ። በ1929 አንድ ፓውንድ ጥጥ ከ16 ሳንቲም በላይ ያወጣ ነበር። በ1931 ከ6 ሳንቲም በታች ወረደ። ጥጡ የለቀመውን ሰው ጉልበት እንኳ የማይመልስ ሆነ።

፪. የበቀለ ጥጥ መገልበጥ

ፍራንክሊን ሩዝቬልት ሥልጣን በያዙ በሁለት ወር ገደማ፣ በግንቦት 1933 የእርሻ ማስተካከያ ሕግ ወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ዋጋ የወደቀው ምርት ስለበዛ ነው፤ ስለዚህ ገበሬው መሬቱን በከፊል ሳያርስ ይተው፣ መንግሥትም ለተወው መሬት ይክፈለው። ገንዘቡ የሚገኘው ጥጡንና እህሉን ገዝተው ከሚሠሩ ፋብሪካዎች በሚሰበሰብ ግብር ነው።

ሕጉ ሲወጣ ግን የዚያ ዓመት ጥጥ በቅሏል። ስለዚህ በ1933 ክረምት ከ10 ሚሊዮን ኤከር በላይ የበቀለ ጥጥ ተገለበጠ። ይህ ወደ 4 ሚሊዮን ሄክታር ይጠጋል። በቅሎዎቹ ዕድሜ ልካቸውን የጥጥ ተክል እንዳይረግጡ የሰለጠኑ ስለነበሩ፣ በተክሉ ላይ ሂዱ ሲባሉ እምቢ ብለው አስቸገሩ ተብሎ ይነገራል። ለተገለበጠው ጥጥ መንግሥት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈለ።

እውነቱን እንናገር፤ ዕቅዱ በዋጋ በኩል ሠርቷል። በ1934 የጥጥ ዋጋ ወደ 12 ሳንቲም ተመለሰ። ባንኮች ዕዳቸውን ሰበሰቡ፤ ሊወረስ የነበረ ብዙ እርሻ ተረፈ። ድጎማው ለብዙ ባለመሬት ነፍስ አድን ነበር።

ለእኩል አራሹስ?

፫. የ40 ዶላርና የ5 ዶላር ሂሳብ

በ1933 ክፍያው በባለመሬቱ እጅ አለፈ፤ ባለመሬቱ የአራሹን ድርሻ ቆርሶ ይሰጠዋል ተባለ። ብዙው ድርሻ ግን ለአሮጌ ዕዳ ተብሎ እዚያው ቀረ።

ለ1934 እና ለ1935 ዝርዝር ውል ወጣ። ውሉን ከመንግሥት ጋር የሚፈርመው ባለመሬቱ ነው። ክፍያው ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው ለተተወው መሬት «ኪራይ» ሲሆን፣ መሬቱ ቢታረስ ኖሮ ይሰጥ በነበረው ጥጥ ልክ በፓውንድ 3 ሳንቲም ተኩል ይታሰባል። በተራ እኩል አራሽ ከተያዘ መሬት የሚመጣው ኪራይ ሙሉ በሙሉ የባለመሬቱ ነው። ሁለተኛው ተጨማሪ 1 ሳንቲም ነው፤ እሱን ሁለቱ እኩል ይካፈላሉ።

ተማሪዎቼን ብትሆኑ ሰሌዳ ላይ እንዲህ እጽፍላችሁ ነበር። ለቀላል ስሌት ሁለቱም ክፍያዎች በ1,000 ፓውንድ ጥጥ ይታሰቡ ብንል፦

ኪራዩ 35 ዶላር፣ በሙሉ ለባለመሬቱ።
ተጨማሪው 10 ዶላር፣ 5 ለባለመሬቱ፣ 5 ለአራሹ።
ድምር፦ ለባለመሬቱ 40፣ ለአራሹ 5።

መሬቱ ሲታረስ ምርቱን እኩል የሚካፈሉ ሰዎች ናቸው። መሬቱ ጦም ሲያድር ግን ስምንት ለአንድ ሆኑ።

ነገሩ እዚህም አላበቃም። ባለመሬቱ አራሹን ከእኩል አራሽነት አውጥቶ የቀን ሠራተኛ ካደረገው ያችን 5 ዶላርም አይሰጥም። ደግሞ ከመሬቱ ሲሶው ያህል ካልታረሰ ያን ሁሉ ቤተሰብ ማኖር ለምን ያስፈልገዋል? በእጁ የገባው ጥሬ ገንዘብ ደግሞ ትራክተር ይገዛለታል።

ይህን ያሰቡ ሰዎች ነበሩ። ባለመሬቱ በተቻለ መጠን የቀድሞዎቹን አራሾች ቁጥር እንዲጠብቅና ከቤታቸው እንዳያስወጣቸው የሚል አንቀጽ ውሉ ውስጥ ገባ። ነገር ግን «በተቻለ መጠን» የሚል ቃል ያለበት አንቀጽ ምን ያህል እንደሚያስጥል ስደተኛ ሆኖ ደብዳቤ የተቀበለ ሁሉ ያውቀዋል። አስቸጋሪ ነው የተባለ አራሽ ከጥበቃው ውጪ ይሆናል፤ አስቸጋሪ የሚለው ባለመሬቱ ነው። አራሹ አቤት ቢል አቤቱታው የሚታየው በካውንቲው ኮሚቴ ነው። በኮሚቴው የሚቀመጡት ደግሞ በአብዛኛው እነዚያው ባለመሬቶች ናቸው።

፬. ታይሮንዛ፣ ሐምሌ 1934

በፖይንሴት ካውንቲ ታይሮንዛ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በአቅራቢያዋ ሂራም ኖርክሮስ የተባለ ባለመሬት 23 ቤተሰቦችን ከእርሻው አስወጣ። በሐምሌ 1934 አንድ ምሽት 18 ሰዎች በእርሻው ላይ ባለች ትንሽ ትምህርት ቤት ተሰበሰቡ። 11ዱ ነጮች፣ 7ቱ ጥቁሮች ነበሩ። ካገዟቸው መካከል ሁለቱ በከተማዋ ጎን ለጎን የሚሠሩ ነጋዴዎች ናቸው፤ የልብስ ንጽሕና ቤት የነበረው ሃሪ ሚቸልና የነዳጅ ማደያ የነበረው ክሌይ ኢስት።

የመጀመሪያው ክርክር አንድ ማኅበር ይሁን ወይስ የጥቁርና የነጭ ተብሎ ሁለት ይሁን የሚል ነበር። አይዛክ ሾው የተባለ ጥቁር ሽማግሌ ተነስቶ ተናገረ። እሱ በ1919 በዚያው አርካንሶ፣ ኢሌን በምትባል ስፍራ ጥቁር አራሾች ተደራጅተው ብዙዎቹ ሲጨፈጨፉ ያለፈ ሰው ነው። ያን ጊዜ ለብቻቸው በመሆናቸው የደረሰባቸውን አስታውሶ፣ አሁን አንድ ላይ ካልሆኑ ሁለቱም እንደሚጠፉ ነገራቸው። አንድ ማኅበር መሠረቱ። የደቡብ ጭሰኛ ገበሬዎች ማኅበር ተባለ። ጥቁርና ነጭ በአንድ አውቶቡስ ውስጥ እንኳ ለየብቻ በሚቀመጥበት አገርና ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የተከፈለው ዋጋም ከባድ ነበር። ስብሰባቸው ተበተነ፤ ሰዎቻቸው ተደበደቡና ታሰሩ፤ በሌሊት ቤታቸው ላይ ተተኮሰ። ጽሕፈት ቤታቸውን ወንዙን አሻግረው ሜምፊስ ከተማ አደረጉ። ሆኖም በ1935 መኸር ጥጥ ለቃሚዎች ሥራ ባቆሙ ጊዜ ብዙ ባለመሬቶች የለቀማ ዋጋ ጨመሩ።

፭. «እናንተ ውሉ ላይ የላችሁም»

ለእኔ የዚህ ታሪክ ልቡ እዚህ ላይ ነው። ማኅበሩ ኖርክሮስን ከሰሰ። ክሱ ውሉ አራሾችን አታስወጣ ይላል፣ እሱ ግን አስወጥቷል የሚል ነው። በ1935 ጉዳዩ እስከ አርካንሶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበላቸውም። ውሉ በመንግሥትና በባለመሬቱ መካከል ነው፤ አራሾቹ የውሉ ወገን ስላልሆኑ በውሉ ሊከራከሩ አይችሉም ተባለ።

አስተውሉ። አንቀጹ የተጻፈው ስለ እነሱ ነው። ቤቱ የእነሱ ቤት ነው። ጥጡን የገለበጠው የእነሱ እጅ ነው። ሆኖም ፊርማቸው የለበትምና አንቀጹ የእነሱ አይደለም።

በዋሽንግተንም ተመሳሳይ ትግል ነበር። በእርሻ ማስተካከያ መሥሪያ ቤቱ የሕግ ክፍል የነበሩ ጠበቆች፣ በጀሮም ፍራንክ መሪነት፣ ባለመሬቱ የቀድሞዎቹን አራሾች ራሳቸውን እንጂ ቁጥራቸውን ብቻ መጠበቅ አይበቃውም የሚል ትርጓሜ አዘጋጁ። በየካቲት 1935 የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ቼስተር ዴቪስ ፍራንክንና ሌሎችን አባረረ። የእርሻ ሚኒስትሩ ሄንሪ ዋላስም ከዴቪስ ጎን ቆመ። የደቡብ ባለመሬቶች በምክር ቤት ብርቱ ወገን ነበራቸው፤ እነሱን ማስቀየም ሌላውን የመንግሥት ዕቅድ ሁሉ አደጋ ላይ ይጥላል ተብሎ ተፈራ።

፮. መንገድ ዳር

ቀጥሎ የሆነው ይበልጥ ያስተምራል። በጥር 1936 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የ1933ቱን ሕግ ግብር ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ጣለው። ክፍያው በሌላ ሕግ፣ በአፈር ጥበቃ ስም ቀጠለ። የማኅበሩና የሌሎች ጩኸትም ከንቱ አልቀረም። ውሎ አድሮ ደንቡ ተሻሻለና የእኩል አራሹ ድርሻ ከፍ አለ።

ታዲያ ባለመሬቱ ምን አደረገ? አራሹ ከድጎማው የሚወስደው ከበዛ፣ አራሽ አለማኖር ይሻላል አለ። ከፖይንሴት በስተሰሜን ባለው የሚዙሪ ግዛት ጥግ፣ የዓመቱ ውል በሚያልቅበት በጥር 1939 ብዙ ቤተሰቦች ልቀቁ ተባሉ። ኦወን ዊትፊልድ የተባለ፣ ራሱም የእኩል አራሽ የነበረ ጥቁር ሰባኪ ሰዎቹን አስተባበረ። ተደብቀን ከምንጠፋ አገር ይየን ብለው ወሰኑ። ጥር 10 ቀን ከ1,000 በላይ ሰዎች ፍራሻቸውን፣ ምድጃቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው በ60 እና በ61 ቁጥር አውራ ጎዳናዎች ዳር በብርድ ሰፈሩ። ፎቶግራፎቹ ዛሬም አሉ። ላስቲክና ብርድ ልብስ ወጥሮ የተሠራ መጠለያ፣ በጣሳ የሚፈላ ውኃ፣ ዕቃ ላይ የተቀመጠች አሮጊት። የእኛን የመጀመሪያ ሰሞን ፎቶ ይመስላል። ልዩነቱ እነዚህ ሰዎች ድንበር አልተሻገሩም፤ ጦርነትም አልነበረም። በጥቂት ቀናት ውስጥ የግዛቱ ባለሥልጣናት ሰፈሩ ለጤና ያሰጋል ብለው በተኗቸው።

በ1930 በአሜሪካ ደቡብ ከ770 ሺህ በላይ የእኩል አራሾች ተቆጥረው ነበር። በ1940 ወደ 540 ሺህ ወረዱ። ሁሉንም ድጎማው አላፈናቀለም፤ ድርቅም፣ ትራክተርም፣ የከተማ ሥራም ነበረበት። ድጎማው ግን የትራክተሩን ገንዘብ ሰጠ፤ አራሹን የማስወጣቱንም ጥቅም ጨመረ።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት ይህ ነው። ድርሻ ሲሰጥህ በቦታህ የመቆየት መብት አብሮ ካልተሰጠህ፣ ድርሻው ራሱ መባረሪያህ ሊሆን ይችላል።

፯. ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም

«ይህ የፈረንጅ ጉዳይ ነው» የሚል ካለ፣ ከእኛ አገር አንድ አውራጃ ላንሳ። ጭላሎ። ከአርሲ የመጣችሁ፣ አያቶቻችሁን ጠይቁ።

እ.ኤ.አ. በ1967፣ ማለትም በንጉሡ ዘመን በእኛ 1960 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ የጭላሎ እርሻ ልማት ፕሮጀክት አሰላ ላይ ተጀመረ። ሰዉ ካዱ ይለዋል። ዓላማው መልካም ነበር፤ ለአነስተኛ ገበሬ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ማቅረብ። ስንዴውም ጨመረ። ነገር ግን በጭላሎ ከአራሹ ግማሽ ያህሉ ጭሰኛ ነበር። ጭሰኛ ብድር ለማግኘት ከባለርስቱ ጋር የተጻፈ ውል ያስፈልገዋል። ባለርስቱ ደግሞ ጭሰኛው ለዓመታት መሬቱ ላይ መኖሩን የሚያረጋግጥ ወረቀት ለምን ይፈርማል?

መሬቱ ምርት ሲሰጥ ዋጋው ተወደደ። የመሬት ኪራይ ጨመረ። ትራክተር ያለ ቀረጥ ይገባ ስለነበር፣ ባለርስቶችና ከከተማ የመጡ ተከራዮች በሰፊው ማረስ ጀመሩ። ጭሰኛው ተባረረ። የጭሰኛና የባለርስትን ግንኙነት የሚደነግግ ረቂቅ ሕግ ለፓርላማ ቢቀርብም ሳይጸድቅ ቀረ፤ በፓርላማው ብዙ ባለርስቶች ነበሩና። በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ። ያ አዋጅ ያመጣውና ያላመጣው ሌላ ጽሑፍ የሚፈልግ ነው።

አርካንሶና ጭላሎ አይተዋወቁም። አንዱ ጥጥ፣ አንዱ ስንዴ ነው። አንዱ ላለማረስ፣ ሌላው አብዝቶ ለማረስ የተሰጠ ድጋፍ ነው። ሁለቱም ላይ ግን ገንዘቡ ወረቀት ተከትሎ ሄደ፤ ወረቀቱ ላይ ያልነበረው ሰው ተነሳ።

፰. ለእኛስ?

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ድጎማ ክፉ ነው ለማለት አይደለም። ገበሬ ሲወድቅ መንግሥት ሊያነሳው ይገባል። ወንድማችን ለጠየቀኝ ግን መልሴ ይህ ነው፦ ገንዘብ መምጣቱ ብቻ ሰውን በቀዬው አያኖረውም። በማን ስም እንደመጣ እዩ።

ብዙዎቻችን አገር ቤት የተውነው መሬት አለ። ዘመድ ወይም ጎረቤት በእኩል ያርሰዋል። አንዳንዶቻችሁ ኡጋንዳ ሰፈራ ውስጥ ሆናችሁ ከአካባቢው ሰው መሬት ተከራይታችሁ በቆሎና ባቄላ ትዘራላችሁ። ሌሎቻችሁ አሜሪካ ወይም ዓረብ አገር ሆናችሁ ለእርሻ ገንዘብ ትልካላችሁ። ዘር፣ ማዳበሪያ ወይም ካሳ ሲመጣ ሦስት ነገር ጠይቁ።

አንደኛ፣ መዝገቡ ላይ ያለው የማን ስም ነው? የባለመሬቱ ብቻ ነው ወይስ የሚያርሰውም አለበት? የባል ብቻ ነው ወይስ የሚስትም? ይህ የሚቻል ነገር ነው። በአማራ ክልል የይዞታ ደብተር ሲሰጥ የባልና የሚስት ስም አብሮ እንዲሰፍር ተደርጓል። ወረቀት የሰው ሥራ ነው፤ ሰው ያስተካክለዋል።

ሁለተኛ፣ የበደለኝ ሰውና አቤቱታዬን የሚሰማው ሰው አንድ ናቸው? ከሆኑ ሌላ ሰሚ ፈልጉ፤ ብቻችሁንም አትሂዱ።

ሦስተኛ፣ ድርሻዬን ብጠይቅ ከቦታዬ የሚያስነሳኝ አለ? ካለ ከድርሻው በፊት የቆይታ ዘመኑን አስጽፉ። መሬታችሁ በሌላ እጅ ያለም ብትሆኑ ለአራሹ ይህንኑ አድርጉለት። ዓመቱንና ድርሻውን ጽፋችሁ፣ በምስክር አስፈርማችሁ፣ መመዝገብ በሚቻልበት ቦታ አስመዝግቡት። ነገ እናንተ ብትመለሱም እሱ ቢነሳም ሁለታችሁንም ከጠብ ያድናል።

አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ። የፖይንሴት አራሾች በፍርድ ቤት ያጡት ያንን ጽሑፍ ነው፤ ከእነሱ ጋር ሳይሆን ስለ እነሱ ተጽፎ ነበርና።

በእናንተ ሰፈር ወይም በወላጆቻችሁ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ ከሆነ ከታች ጻፉልኝ። በተለይ የጭላሎን ዘመን የሚያስታውስ አባት ወይም እናት ያላችሁ ስልካችሁን አንሱና ጠይቋቸው፤ የሚነግሯችሁን በቀን በቀኑ መዝግቡ። ልጆቻችሁ ይፈልጉታል።

ቸር ያሰማን።